አራት ነጥብ ሥራ የቀየረበት ዓመት

ወንድሜን በሥራ ቦታው «አራት ነጥብ» ነበር የሚሉት። ሰው ሁሉ ተንጫጭቶ ሲደክመው እሱ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጣል ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገር አይኖርም። በዚያ ላይ የጻፈውን ሲያርሙበት ሌላውን ሁሉ ችሎ፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን አራት ነጥብ ከነኩበት ይጣላል። «ማስታወቂያ ላይ አራት ነጥብ አይገባም» ሲሉት «ያላለቀ ነገር ማን ያምናል?» ይላቸዋል።

ሥራው ማስታወቂያ መጻፍ ነው። በሬዲዮ ስለ ሳሙና፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ብስኩት ሲነገር ሰው ቃሉ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል እንጂ አንድ ቦታ ተቀምጦ እርሳስ እያኘከ የሚጽፈው ሰው እንዳለ አያስብም። የኛ ቤት ግን ያስባል። ሁለታችንንም ያሳደገችን የእናታችን ታላቅ እህት ናት። እናታችን «እትዬ» ትላት ስለነበር እኛም እትዬ አልናት፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ስሙ እንዳለ ቀረ። እትዬ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ ሬዲዮኑ ከመኪናዋ በላይ መደርደሪያው ላይ። ከጠዋት እስከ ማታ ሁለቱም አይዘጉም። ወንድሜ አፉን የፈታው በሬዲዮ ነው ብል አልዋሸሁም። ገና ልጅ ሆኖ የዜና አንባቢውን ድምፅ አስመስሎ «እትዬ ዛሬ ምሳ አዘገየች» ሲል እትዬ መቀሷን ጥላ ነበር የምትስቀው።

እሱ የሚሠራበት ድርጅት ትልቅ ነበር። ሕንፃው መስታወት ብቻ ነው፤ በሩ በካርድ ይከፈታል፤ ምንጣፉ የጫማ ድምፅ ይውጣል። አንድ ቀን ምሳ ሊጋብዘኝ ወስዶኝ ስንቱን በር እንዳለፍን ጠፍቶብኛል። እዚያ ቤት አንድ ሰው የጻፈው ነገር በአንድ ሰው አያልፍም። መጀመሪያ ደንበኛ የሚያነጋግሩት ያዩታል፣ ቀጥሎ ጥናት የሚያጠኑት፣ ቀጥሎ አለቆች፣ በመጨረሻ የሕግ ክፍል። እያንዳንዱ አንድ ቃል ይነቅላል፤ ሌላው በተነቀለው ቦታ ሦስት ይተክላል። ለፍራሽ ማስታወቂያ ወንድሜ «ነጋ እንዴ?» ብሎ ጻፈ። በቃ፣ ያቺን ብቻ። ስብሰባ ገብታ ስትወጣ «ምቾትንና ጥራትን በአንድ ላይ ያጣመረ የዘመናችን ፍራሽ» ሆነች። እሑድ ምሳ ላይ ሲነግረን እትዬ «ይሄን ሰምቶ የተኛ ሰው እውነትም አይነሳም» አለች። እሱ ግን አልሳቀም። ዓመቱ በገፋ ቁጥር እሑድ የሚያወራው ስለ ስብሰባ ብቻ ሆነ።

የዱቄቱ ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው እዚያ ትልቁ ድርጅት ነው። ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው አሉ። የቅጠል ዱቄት በቆርቆሮ አሽጎ ይሸጣል፤ ለደም ግፊትም ለስኳርም ነው ይላል። ወንድሜ «ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀው። «ለጤና ነው» አለ ሰውዬው። «ጤናን ምን ያደርገዋል?» ሲለው «ይረዳል» አለ። ወንድሜ ከስብሰባው ወጥቶ ለአለቃው «እኔ ይሄን አልጽፍም» አላት። አለቃዋም አልተቆጣች፤ ሥራውን ለሌላ ጸሐፊ ሰጠችው። ከዚያ የሕግ ክፍል የምርመራ ወረቀት ጠየቀ፤ ሰውዬው ወረቀት አልነበረውም፤ በክብር ሸኙት።

ወንድሜ ያንን እሑድ ደረቱን ነፍቶ ነበር የመጣው። እትዬ «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» አለችው። እኔም ኮራሁ። ያስቆመው የሕግ ክፍሉ እንደሆነ፣ እሱ እምቢ ባለ ማግስት ሌላው ጸሐፊ መጻፍ ጀምሮ እንደነበር አንዳችንም ልብ አላልንም። እሱ ራሱም አላለም።

ሽቅርቅሩ የሚባለው ባልደረባው ከዚህ በኋላ ከዚያ ድርጅት ወጥቶ የራሱን ማስታወቂያ ቤት ከፈተ። ደንበኛ የማነጋገር ሥራ ላይ የነበረ፣ ካልሲው ከክራቫቱ ጋር ካልገጠመ ከቤት የማይወጣ ሰው ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ድርጅቱ አንድ ክፍል ነው፤ በአንድ ጎኑ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር፣ በሌላ ጎኑ የጥርስ ሐኪም። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ አራት አምስት ሰው። የጥርስ መሰርሰሪያው ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማል።

ሽቅርቅሩ ወንድሜን ለማስኮብለል ብዙ ቀን ደጅ ጠና። የሚለው ነገር አንድ ነው። «እዚያ የሚጽፈው ስብሰባ ነው። እኔ ጋ የምትጽፈው አንተ ነህ። ከአንተ አፍ ወደ ሬዲዮ፤ መሐል ላይ እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት፣ እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ።»

ወንድሜ ሊያማክረን መጣ። እትዬ መርፌዋ ውስጥ ክር እያስገባች «ሊፍት ያለውን ቤት ትተህ ምድር ቤት ልትገባ?» አለችው። «እሺ፣ ይቅናህ። ግን እዚያ ስታኮርፍ የምትሸሸግበት ክፍል አለህ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስታኮርፍ የት ትሄዳለህ?»

«አላኮርፍም እትዬ።»

«አንተ? እናትህ ጡት ስታስጥልህ ያኮረፍከው ገና አልለቀቀህም እኮ።»

ሳቅን። በወሩ ለቀቀ።

መጀመሪያ ላይ ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ይሄን መመስከር አለብኝ። ለመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ «የመጀመሪያውን ግጭት እኛ ጋ ይጋጩ።» ብሎ ጻፈ። ሽቅርቅሩ ሳቀ፣ ባለ ማሠልጠኛው ሳቀ፣ በሦስተኛው ቀን ከነአራት ነጥቡ መንገድ ላይ ተሰቀለ። ማንም አልነካትም። ወንድሜ እኔን ጠርቶኝ ሰሌዳው ሥር ቆመን አየን። የሚያልፉ ሰዎች ቀና ብለው ሲያነቡና ፈገግ ሲሉ እሱ እነሱን ነበር የሚያየው። በዚያ ሰሞን ወፈረ። እሑድ ሲመጣ ስለ ስብሰባ ማውራት ትቶ እትዬን ጆሮው ተክሎ ያዳምጣት ጀመር፤ የምትናገረውን እየመነዘረ «ይቺን ድገሚልኝ» ይላታል። እሷም ደስ ይላታል፤ የሚሰማት ሲኖር የማይወድ ማን አለ?

እትዬ የደም ግፊት አለባት። ክኒኑን በየቀኑ መዋጥ እንደ እሾህ ነው የምትቆጥረው። «ይሄ ክኒን ከባል የባሰ ነው» ትላለች። «ባል እንኳ አንዳንድ ቀን ያመሻል፤ ይሄ አንድ ቀን አይቀርብኝም።» ባል ኖሯት አያውቅም። ስንቴ ብላዋለች፣ ሁልጊዜ ያስቃል።

ዓመት ሳይሞላ የሽቅርቅሩ ቤት መሳሳት ጀመረ። ዋናው ደንበኛቸው የወተት ፋብሪካው ነበር፤ ትልቁ ድርጅት ደህና አድርጎ አባብሎ ወሰደባቸው። የመንጃ ፈቃዱ ሰውዬ ቤቱን ዘጋ። ጠረጴዛው ዙሪያ ወሬ ቀነሰ፤ የመሰርሰሪያው ድምፅ ብቻ ሆነ። የዱቄቱ ሰውዬ በሩን ከፍቶ የገባው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ወንድሜ ራሱ የነገረኝ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

«ይሄን ሰውዬ እምቢ ብዬዋለሁ እኮ» አለው ሽቅርቅሩን።

«አውቃለሁ። ነበርኩበት።»

«ዛሬም እምቢ ነው።»

ሽቅርቅሩ አልተቆጣም። ወንበሩን አስጠጋና ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረው። «ስማኝ ወንድሜ። እዚያ እምቢ ስትል ከኋላህ ሌላ ጸሐፊ ነበረ፤ ከእሱ ኋላ የሕግ ክፍል ነበረ። እዚህ ከኋላህ ያለው ግድግዳው ነው። እነዚህን ልጆች ተመልከታቸው። አንተ እምቢ ካልክ ዛሬ ወደ ቤታቸው እሸኛቸዋለሁ።»

«ልዋሽ?»

«ማን ዋሽ አለህ? ያድናል አትበል። ይፈውሳል አትበል። ምንም አትበል። ምንም ሳትል ጻፍልኝ። ከቻልክ።»

ወንድሜን ያጠፋችው ያቺ «ከቻልክ» የምትል ቃል ናት። የተቀመጡት ሰዎች አሳዝነውታል፣ እሱ እውነት ነው፤ ግን ሰው ስላዘነ ብቻ እንደዚያ አድርጎ አይጽፍም። ሙያው ተነካ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ጻፈው።

ማስታወቂያው አጭር ነው። አንዲት ዕድሜዋ የገፋ ሴት ትተነፍሳለች። «ይሄ ክኒን ከባል የባሰ ነው» ትላለች፤ «ባል እንኳ አንዳንድ ቀን ያመሻል።» ከዚያ የክኒን ዕቃ ክዳን ቀጭ ብሎ ሲዘጋ ይሰማል። ትንሽ ዝምታ። ከዚያ ደስ የሚል የወንድ ድምፅ፣ «የሰለቸዎትን ያውቁታል።» ይላል፤ የዱቄቱን ስም ይጠራል፤ ያልቃል። ስለ በሽታ አንድ ቃል የለም። ስለ መዳን አንድ ቃል የለም።

ከተማው ወደደው። ታክሲ ውስጥ፣ ጸጉር ቤት ውስጥ፣ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት መምህራን ክፍል ውስጥ ሳይቀር ሰው «የሰለቸዎትን ያውቁታል» እያለ ይቀላለድ ነበር። እኔ መጀመሪያ ስሰማው የእትዬ ቀልድ መሆኑ ገርሞኛል፤ ግን ቀልድ ከአፍ አፍ ይዞራል ብዬ አለፍኩት። እትዬ ደግሞ በሰማችው ቁጥር የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። «እስቲ ይቺን ሴትዮ ስሟት» ትላለች፤ «ቁርጥ እኔን። አግኝቻት አንድ ቀን ባወራን።»

ከዚያ አንድ ቀን ቆርቆሮውን መደርደሪያው ላይ አየሁት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቅጠል ነው። አንቺ ሻይ አትጠጪም?»

«ክኒንሽንስ?»

«እሱንማ በምን አመልጠዋለሁ?» አለችኝ። አመንኳት። የክኒን ዕቃው እንደወትሮው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እየጎደለም ይሄዳል።

እሑድ ወንድሜ መጣ። ምሳ ላይ ተቀምጠን ሳለን ማስታወቂያው በሬዲዮ መጣ። እትዬ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችን፤ ካለቀ በኋላ «አሁን አንተ ይሄን የመሰለ ጽፈህ ታውቃለህ?» ብላ ሳቀችበት። ወንድሜ ቀና ሲል ቆርቆሮውን አየው። መልኩ ሲለወጥ አይቻለሁ።

«እትዬ፣ ያንን ነገር እንዳትጠጪ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ ነው። ምንነቱ አይታወቅም።»

«ሬዲዮ የተናገረለትን?»

አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር የጎደለው። ስንቱን ስብሰባ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጸጥ ያሰኝ የነበረ ሰው «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውስጡ ምንም የለም» ማለት አቃተው። አፈረ። ጎሽ ብላው ነበርና ለሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ሰውዬ ተቀብዬዋለሁ ማለት ከበደው። «ክኒኑን ብቻ እንዳትተዪ» አለ፤ እሷም «እሺ፣ ሐኪሜ» አለችው፤ ሌላ ወሬ ጀመርን።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው ያገኘኋት። በስፌት መኪናዋና በአልጋው መሐል ወለሉ ላይ ወድቃለች፤ የአንዲት ተማሪ ቀሚስ መርፌው ሥር ተይዞ ቀርቷል። ዓይኗ ክፍት ነው፤ ታየኛለች፤ ልትናገር ትሞክራለች፤ የሚወጣው ግን ቃል አልነበረም። ጎረቤት ጠርቼ ተሸክመን ወሰድናት።

ሐኪሙ «ስትሮክ ነው» አለኝ። «መድኃኒቷን በደንብ ትወስዳለች?»

«አዎ» አልኩት፣ በሙሉ አፌ።

ልብሷን ልወስድላት ቤት ተመልሼ ቁልፎቿን የምታስቀምጥበትን የቁልፍ ሳጥን፣ የልብስ ቁልፍ ማለቴ ነው፣ ከፈትኩት፤ የቀሚሷ ቁልፍ ተበጥሶ ነበርና። ክኒኖቹ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ነጫጭ ክኒን ከነጫጭ ቁልፍ ጋር ተደባልቆ። እንዳልታዘባት ከዕቃው እያወጣች እዚያ ትጨምራቸው ኖሯል። የስንት ሳምንት እንደሆነ አልቆጠርኩም።

ለወንድሜ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነገርኩት። አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ።

«ምኑን?»

«የዱቄቱን።»

ወዲያው አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ ሌላ አልነበረም፤ «ቀልዱንም?» አልኩት።

«ቀልዱንም። ድምፁ እንዲመጣልኝ እሷን ነበር የማስበው።»

በዚያ ቀን ወንድሜን መምታት አምሮኝ ነበር። አልመታሁትም። ነርሷ መጥታ ተራ ይዛችሁ ግቡ አለችን፤ ተነሥቼ ገባሁ።

በማግስቱ ሽቅርቅሩ ጋ ሄዶ ማስታወቂያው ይውረድ አለው። ሽቅርቅሩ ያለ ክራቫት ሆስፒታል መጣ፤ ጭማቂና አበባ ይዞ፤ እትዬን አይቶ ከልቡ አለቀሰ። የማስመሰል አልነበረም፣ ይሄን አልቀማውም። ከወጣ በኋላ ግን ደረጃው ላይ ወንድሜን «ማስታወቂያው ክኒን አቁሙ ይላል? የት ላይ?» አለው። «የእሷ ነገር አንጀቴን በልቶታል። ግን እሱን ካወረድኩ ቤቱን ዘጋሁ ማለት ነው። እንዲህ አድርገህ ጻፍ ብዬህ እንዲህ አድርገህ ጻፍክልኝ። አሁን ምን ላድርግህ?»

ወንድሜ ያኔውኑ ለቀቀ። ከዚያም ማስታወቂያና መድኃኒት ወደሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አብረን ሄድን። የተቀበለችን ባለሙያ ትሑት ሴት ናት። ወንድሜ ማስታወቂያውን ከስልኩ ላይ አሰማት። ቀልዱ ላይ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፊታችንን አይታ ፈገግታዋን ሰበሰበች።

«ቅሬታዎ ምንድን ነው?»

«መድኃኒታችሁን ተዉ ይላል።»

«የት ላይ?»

ወንድሜ ያስረዳት ጀመር። ትንፋሹን፣ ክዳኑን፣ ከክዳኑ በኋላ ያለችውን ዝምታ፣ «የሰለቸዎትን» የምትለዋ ቃል ለምን እዚያ እንደገባች። ላቡ እየወረደ የገዛ ሥራውን ክር በክር ተረተረው። እንደዚያ ጥሩ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ደግማ አዳመጠችና «ይሄ እኮ እርስዎ ሲያስረዱኝ ነው የተሰማኝ» አለች። «እኔ የምይዘው የተባለ ነገር ነው። እዚህ ላይ የተባለ ነገር የለም።»

«ለዚህ ነው እኮ የጻፍኩት» አለ ወንድሜ። «እንዳይያዝ ነው።»

ሴትዮዋ አቤቱታውን ተቀበለችው። መልስ እስካሁን አልመጣም።

የትልቁ ድርጅት አለቃ የደወለችለት እትዬ ወደ ቤት በገባች ሰሞን ነው። ቀኝ እጇ አይሠራም፤ ቀኝ እግሯን ትጎትታለች፤ ንግግሯ ቀስ ብሎ እየተመለሰ ነው፤ ፊዚዮቴራፒ በየሳምንቱ ያስፈልጋታል። አለቃዋ ለወንድሜ «የዱቄቱ ያንተ ነው አይደል?» አለችው። «ገና ስሰማው አወቅሁት። እዚህ አስሬህ እንዲህ ያለ ነገር ሳላስጽፍህ መቅረቴ ነው የሚቆጨኝ። ተመለስ፤ የጸሐፊዎቹ ኃላፊ አደርግሃለሁ።» ትልቁ ድርጅት ለቤተሰብ የሚሆን የጤና መድን አለው። ወንድሜ አላንገራገረም። አሁን እዚያው መስታወቱ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሽቅርቅሩም አልተጎዳም፤ በዱቄቱ ምክንያት ሌሎች ደንበኞች መጡለት፤ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩን ጨምሮ ተከራይቷል።

የቀረው ለእትዬ መንገር ነበር። እኔ አትንገራት አልኩት፤ ሰምታ ከምትታመም ይቅርባት ብዬ። እሱ እምቢ አለ። አንድ እሑድ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ግራ እጇ ለቀኝ እጇ የጎማ ኳስ መጨበጥ ሲያስተምር፣ ከፊቷ ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራት። የመጀመሪያውን እምቢታ፣ ሁለተኛውን እሺታ፣ ቀልዷን፣ ያንን ምሳ። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ራሱን ጉልበቷ ላይ አደረገ። በደህናው እጇ ትዳብሰዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ኳሷን ይዛ ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ከዚያ ቃል በቃል እየለቀመች፣ «ይነሡ» አለችው። «ወለሉ ይቀዘቅዛል።»

መጀመሪያ አንደበቷ ተሳስቶባት መሰለኝ። ወንድሜም እንደዚያ ሳይመስለው አልቀረም፤ ቀና ብሎ አያት። «ወንበር አለልዎት» አለችው።

ሲሄድ ጠብቄ «እትዬ፣ ያሳደግሽው ልጅ አይደለም እንዴ? ምን ነካሽ?» አልኳት።

«ትልቅ ሰው ነዋ» አለች። «ሬዲዮ የሚያናግር ሰው አንተ አይባልም።»

እልኋ ይበርዳል ብዬ ነበር። አልበረደም፤ እልህም አልነበረ መሰለኝ። እስካሁን በየእሑዱ ይመጣል። ሾርባ ይዞ ይመጣል፤ ሾርባውን ከእኔ እጅ ትጠጣለች። መጸዳጃ ቤት ልደግፍሽ ሲላት «እህትዎን ይጥሩልኝ» ትላለች። ሥራ እንዴት ነው ብላ ትጠይቀዋለች፤ ደህና ነው ይላታል፤ እግዜር ይርዳዎት ትለዋለች። ከዚያ ኮቱን ያነሣል፤ እኔ እስከ በር እሸኘዋለሁ።